ስሙ የጠፋው ደረጃ

በከተማችን እንደ ገበያው ደረጃ በከንቱ ስሙ የጠፋ ነገር የለም። ሌባ እንኳ ሲያረጅ ይረሳለታል። አራጣ አበዳሪም ሲሞት «ምን ቢሆን ሰው አክባሪ ነበር» ይባልለታል። ደረጃው ግን አንድም ነገር ሳያደርግ ሰው በላ ተብሎ ኖረ። ስሙን ያጠፋችው አክስቴ ናት። እኔም አግዣታለሁ፣ ደግ አደረግኩ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። በከተማው ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ውስጥ ነርስ ሆና በጥቁር ጸጉር ገብታ በነጭ ጸጉር ወጥታለች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። ሐኪሞቹ «ሲስተር» ይሏታል፣ በሽተኞቹ «እናታችን»፣ ዞር ስትል ደግሞ ሁሉም «እመት ደረጃ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋለች።

ደረጃው ከላይኛው ሰፈር ወደ ገበያው የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ነው። ሰፊ ነው፣ እርከኑ ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፣ አህያ ከነጭነቱ ይወጣዋል። ይህን የምለው በወሬ አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራ የጀመርኩበት ሱቅ በሩ ፊት ለፊት ደረጃውን ነው የሚያየው። ከጠዋት እስከ ማታ የቁልፍ ቀዳዳ እየዘመዘምኩ ስውል ከዚያ ደረጃ ላይ ሲወድቅ ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር የሽንኩርት ጆንያ ነው። ያውም ባለቤቱ ሆን ብሎ ለቆት ነው፣ መሸከም ሰልችቶት።

እናቴ የሞተችው እኔ ገና በቅጡ ሳልራመድ ነው። አፌን ፈትቼ «እናቴስ?» ማለት ስጀምር የተሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ከገበያው ደረጃ ላይ አዳልጧት።» እኔም የሰማሁትን ይዤ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መሀሉ ላይ ቆም እልና እንትፍ እልበት ነበር። ካደግኩም በኋላ አልተውኩም፤ ሰው አለ የለም ብዬ ማየት ብቻ ነው የጨመርኩት።

እንግዲህ ስለ ሕጉ ልንገራችሁ፤ ያለ ሕጉ ነገሩ አይገባችሁም። በአያቶቻችን ጊዜ፣ አክስቴ እንደምትለው፣ ስለ ውርጃ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሐሜት ነበር። ሐሜት ደግሞ ይግባኝ የለውም። ቀጥሎ የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው የወንጀል ሕግ እንጻፍ አሉና ከባሕር ማዶ ሕግ ላይ ልክ ወሰዱ። ያስወረደች ትታሰር፣ የረዳት ይታሰር አሉ። ያስረገዘውን ሰው ሕጉ ሰምቶም አያውቅ። «ሴትየዋ ልትሞት ከሆነ ግን ሐኪሞች ተስማምተው ይፈርሙ» የሚል ቀዳዳ ትተው ነበር፤ ሐኪሞቹ ተፈላልገው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው እስኪጨርሱ ሴትየዋ ተቀብራለች። ይባስ ብሎ ልኩ የተወሰደባቸው የዚያ አገር ሰዎች ኋላ የራሳቸውን ሕግ ቀየሩት። እኛ ሰው ያወለቀውን ልብስ ለብሰን ቀረን።

በሴቶች ክፍል በር ላይ አንድ ወንበር ነበረ። የፖሊስ ወንበር ነው። ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት መጀመሪያ የምታገኘው ሐኪም ሳይሆን ወንበሩን ነው። «ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?» እውነቱን ከተናገረች ስትድን ወደ እስር ቤት ትሄዳለች፣ የረዳቻትም ትከተላታለች። ስለዚህ ሴቶቹ አይመጡም። ቤታቸው ተኝተው፣ ትኩሳቱ ራሳቸው ላይ ሲወጣ፣ ጎረቤት ተሸክሞ ያመጣቸዋል። ያን ጊዜ ደግሞ አልፏል። «የሚገድላቸው ደሙ አይደለም፣ ወንበሩ ነው» ትል ነበር አክስቴ። አንድ ቀን ልታቃጥለው እንኳ አስባ ነበር፤ የሆስፒታል ንብረት ሆነባትና ተወችው።

ከዚያ ሌላ ዘዴ አመጣች። ገበያ ወጥታ ለአትክልት ሻጯ፣ ለልብስ አጣቢዋ፣ ለጸጉር ሠሪዋ አንድ ወሬ አስቀመጠች። «ከደማችሁ ቶሎ ኑ። ምን ሆናችሁ ሲሏችሁ ከገበያው ደረጃ ወደቅን በሉ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ። የቀረውን ለኔ ተዉት።» ለምን ደረጃው? ሁሉም ሰው ያውቀዋላ። ባለቤት የለውም፣ አይጠየቅም፣ ፍርድ ቤት ቢጠሩት አይቀርብም። ከጸጉር ሠሪ ቤት የወጣ ወሬ ደግሞ እግር አያስፈልገውም።

ሴቶቹም መጡ። በጊዜ መጡ፣ ዳኑ፣ ሄዱ። በዚያ ዘመን ወንበሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ጡረታው የደረሰ ሽማግሌ ነው፤ ግማሹን ቀን ያንቀላፋል፣ ግማሹን ቀን «ደረጃ» እያለ ይጽፋል። አንዷማ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጥታ «ከገበያው ደረጃ ወደቅኩ» አለችው። «መቼ ወጥተሽው?» ቢላት «ገና ልወጣው ሳስብ» አለች። ሽማግሌው አየት አደረጋትና ጻፈ። ነፍሱን ይማረው።

ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ ሰው እውነት መሰለው። ላይኛው ሰፈር ያሉ አባወራዎች ሚስቶቻቸውን «በዚያ በኩል እንዳትሄጂ» ማለት ጀመሩ። እኛ ልብስ ሰፊ ቤት ያለን ሰዎች በሳቅ እንሞታለን። እኔም ሌት ተቀን «አዎ፣ ትናንትም አንዷን ጥሏታል» እያልኩ ወሬውን አሞቅ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሁሉም ውሸት መሆኑን እያወቅኩ፣ የእናቴን ግን እውነት ብዬ ይዤ ነበር። ሌላው ሁሉ አልወደቀም፣ እሷ ግን ወድቃለች። ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሰው የራሱ ነገር ሲሆን ሒሳብ አይሠራም። አክስቴም ስለ ደረጃው ያሻትን ስትቀልድ ውላ እናቴ ስትነሳ ዝም ትላለች።

ሽማግሌው ጡረታ ወጣና ወንበሩ ላይ አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀመጠ። ጎልማሳ ነው፣ ጫማው ፊት ያሳያል፣ አያንቀላፋም። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ይደለላል፣ ይፈራል፣ አንድ ነገር ይገኝበታል። ይኸኛው ቅን ነው። ሕግ የተጻፈው እንዲጠበቅ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ከመጣ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ነው።

«ሲስተር» አላት አክስቴን በገባ በሳምንቱ፣ «ይህ ደረጃ ምን ዓይነት ደረጃ ቢሆን ነው ወንድ የማይጥለው?»

«ወንዶች አይቸኩሉም፣ ሃምሳ አለቃ» አለችው። «ገበያ ደርሰው የሚመለሱት ምሳ ሊበሉ ነው፤ ሠርቶ የሚጠብቃቸው አለ።»

አልሳቀም። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

እኛ ሱቅ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ዘምዛሚ ነበረች። የቀሚስ ጠርዝ እንደሷ የሚዘመዝም አልነበረም። ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ያረጥባል፣ ይሄዳል። ያን ዓመትም መጣ፣ ሰነበተ፣ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ቀረች። ቀና ሳደርጋት ፊቷ እንደ ሻማ ነጥቷል፣ የምትዘመዝመው ነጭ ጨርቅም ከታች ቀልቷል። የሱቁ ባለቤት፣ ሰውን ሁሉ በዓይኑ ስለሚለካ ጋሼ ልኬት ነው የምንለው፣ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ጋሪ አስመጣ። መንገድ ላይ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ «ደረጃ» አልኳት።

«ኤዲያ፣ ይሄን የማያውቅ አለ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሃምሳ አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ሆና ነው?»

«ከገበያው ደረጃ ወደቅኩ።»

«ከየትኛው እርከን?»

ይህ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። እሷ «ከታችኛው» ስትል እኔ «ከላይኛው» አልኩ፣ እኩል። ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። «መልካም» አለ። «ስትድን እንነጋገራለን። እስከዚያ እኔም ደረጃውን አየዋለሁ።»

ሐኪሙና አክስቴ አተረፏት። ግን መዳኗን ተደስተን ሳንጨርስ ፍርሃቱ መጣ። ዘምዛሚዋ በእግሯ መቆም ስትችል የምትሄደው ወደ ልጆቿ ሳይሆን ወደ እስር ቤት ነው። ልጆቹ ጎረቤት ቤት በር ላይ ተቀምጠው እናታቸውን ይጠብቃሉ። እሷ ከታሰረች ደግሞ ቀጥሎ አክስቴ ናት፤ «ያስተማርሽው አንቺ ነሽ» ለማለት ብዙ ብልሃት አይፈልግም። ያን ዕለት አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ ስትውል አየሁ። ፈራሁ። እሷ ከቀለደች ነገሩ ቀላል ነው፣ ዝም ካለች ነገር አለ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ሜትር ይዞ ደረጃው ሥር ከች አለ። መጀመሪያ ወደ እኛ ሱቅ ገባ።

«እዚህ ደረጃ ላይ ሰው ይወድቃል?» አለው ጋሼ ልኬትን።

ጋሼ ልኬት መቀሱን ሳያቆም «ወይ ጌታዬ» አለ፣ «እኛ እኮ አልቅሰን ጨርሰናል።»

«እርስዎ በዓይንዎ ስንት ሰው ሲወድቅ አይተዋል?»

«ዓይኔማ ሥራ ላይ ነው። እኔ ድምፁን ነው የምሰማው።»

ሃምሳ አለቃው ወጣና መለካት ጀመረ። የእርከኑን ከፍታ፣ ስፋቱን፣ ድንጋዩ ይንሸራተት እንደሆነ በጫማው እየፈተሸ። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ይለካውና «ይህ ደረጃ ሕፃን አይጥልም» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁላችንም አለቀልን። ከላይ እስከ ታች ያለውን ርዝመት ሊለካ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ አስያዘና ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወርድ ጀመር፤ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማነው።

ጋሼ ልኬት ከጨርቁ ቀና ሳይል «ይኸው» አለ።

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር። ሜትሩን ግን አልለቀቀም፤ ወንድ ነው። በዚያው በዘምዛሚዋ ጋሪ ጭነን ስንወስደው አክስቴ የሴቶች ክፍል በር ላይ ቆማለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ምን ሆነው ነው?»

ሃምሳ አለቃው ላብ በላብ ሆኗል። ግራ ቀኙን አየ። ማምለጫ የለም። «ከገበያው ደረጃ ወደቅኩ» አለ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች አክስቴ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሁሉ ትስቃለች። ዘምዛሚዋ ሆዷን ይዛ «አታስቁኝ በናታችሁ፣ ደሜ ሊጀምረኝ ነው» ትላለች። የእግሩን ስብራት የሚያስረው ሐኪም ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሃምሳ አለቃው ብቻ ነበር ያልሳቀው፣ እሱም ከሕመሙ የተነሳ ይመስለኛል።

የወንዶች ክፍል ሞልቶ ስለነበር አልጋውን ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ዘረጉለት። እግሩ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። አክስቴም «እርስዎ» ማለቷን ተወች፤ የተኛ ሰው ለሷ ልጇ ነው። «ተገልበጥ»፣ «ዋጥ»፣ «አፍህን ክፈት» ትለዋለች። ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያየው የሴቶቹን ፊት ብቻ ነበር። ተኝቶ ግን ሁሉን ይሰማል፤ ሲያቃስቱም ሲስቁም፣ የልጆቻቸውን ስም ሲጠሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አመጡ። ጡቷ እንኳ በቅጡ አላጎጠጎጠም። ከገጠር ከመጣች ወራት አልሞላትም፣ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ቤት ውስጥ ምን እንደደረሰባት ሁላችንም ገባን፤ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ስትደርስ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። አክስቴ እጇን ይዛ ተቀመጠች። አልተረፈችም። በሃምሳ አለቃው አልጋ አጠገብ ተሸፍና ስታልፍ «ሲስተር፣ ይቺስ?» አላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይቺማ ደረጃውን የነገራት ሰው አልነበረም» አለችው አክስቴ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር።

ዘምዛሚዋ የምትወጣበት ቀን ደረሰ። ለመውጣት በሱ አልጋ በኩል ማለፍ ግድ ነው። እኔ ጨርቋን ጠቅልዬ ይዣለሁ። አክስቴ ከኋላችን ትከሻዋን ነፍታ ትመጣለች። ሃምሳ አለቃው አያትና «ከየትኛው እርከን ነበር ያልሽው?» አላት።

ዘምዛሚዋ መሬት መሬት አየች። «ረሳሁት» አለች።

«እኔም ረስቼዋለሁ» አለ። «እየተጠነቀቅሽ ሂጂ።»

እስከ ግቢው በር ድረስ ወደ ኋላ ሳንዞር ሄድን። ከበሩ ስንወጣ ዘምዛሚዋ ልጆቿ ወዳሉበት ሮጠች፤ አትሩጪ ብላት ማን ሰምቶ። እኔ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሃምሳ አለቃው ሲሻለው ሪፖርቱን ጻፈ፤ ደረጃው እጅግ አደገኛ መሆኑን በራሱ አካል ማረጋገጡን ገለጸ። ማዘጋጃ ቤቱ ለጠፋ የመንገድ መብራት ዓመት የሚያስጠብቅ መሥሪያ ቤት ነው። የፖሊስ እግር ሲሰበር ግን ደነገጠና ከላይ እስከ ታች የብረት መደገፊያ ተከለበት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባው፣ ሪባን ቆረጠ። እኛ ሱቅ በር ላይ ቆመን አጨበጨብን። አክስቴ ብቻ ናት የከፋት። «በሉ፣ እንጀራዬን ዘጉት» አለች። «ከእንግዲህ ማን ወደቅኩ ብሎ ይታመናል?»

ይህን ስትል ሃምሳ አለቃው በክራንች ተደግፎ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ መደገፊያው እንዳደረገ «ሲስተር» አላት፣ «ከገበያው ማዶ ደግሞ ድልድይ አለ።»

እንዲህ እንዲያ እያልን ዓመታት አለፉ። አክስቴ ጡረታ ወጣች፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ጋሼ ልኬት ሲሞት ሱቁን እኔና ዘምዛሚዋ ያዝነው። ከዚያ መንግሥት የወንጀል ሕጉን ላሻሽል ነው፣ ስለ ውርጃው አንቀጽ ሕዝቡ ይናገር አለና በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አክስቴ ያ አንቀጽ እንዲቀየር የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አስተኮሰችኝ።

ብዙ ሰው ተናገረ። አንድ የሃይማኖት ሽማግሌ ተነስተው በለሰለሰ አንደበት ሕይወት የፈጣሪ ነው፣ ሰው አይቁረጠው አሉ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ማንም አላጉረመረመም። አንዲት እናት ስለ ሞተች ልጇ ልትናገር ጀምራ አልቅሳ ተቀመጠች። ከዚያ ከፍትሕ ቢሮ የመጣ ባለ ክራቫት ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሜት አንድ ነገር ነው፣ ማስረጃ ሌላ ነው» አለ። «እኔ የከተማችንን የፖሊስ ሪፖርት አይቻለሁ። በዚህ ከተማ በውርጃ ተጎዱ የተባሉ ሴቶች በጣት ይቆጠራሉ። ለብዙ ዓመት የነበረብን ችግር የደረጃ ችግር ነው፤ እሱም በመደገፊያ ተፈትቷል። የሌለ በሽታ ሕግ አይወጣለትም።»

ከፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ። እኔ ደሜ ፈላ። የአክስቴን እጅ ያዝኩት። ያ ሴቶቹን ያተረፈችበት ውሸት ዞሮ መጥቶ አንገታቸው ላይ ሊቆም ነው። «ውሸት ነበር» ብትል፣ ያን ጊዜ የዋሸች ዛሬ እንዴት ትታመናለች ይሏታል። ዝም ብትል ሕጉ እንዳለ ሊቀር ነው። ተነሳች። «እኔ...» አለች። ለክፉም ለደጉም ቃል አጥታ የማታውቅ ሴትዮ ቃል አጣች። አዳራሹ ይጠብቃል። ባለ ክራቫቱ ሰዓቱን ያያል።

ከኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ሃምሳ አለቃው ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ያቺ እግሩ እንደተጣመመች ናት። ሳይፈቀድለት መናገር ጀመረ።

«ስለዚያ ደረጃ ምስክር ከተፈለገ እኔ ነኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሴቶቹ ክፍል በር ላይ የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ከኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረውን ሽማግሌም አፋጥጬ ጠይቄዋለሁ፤ ሳይሞት እውነቱን ነግሮኛል። ደረጃው ሰው አልጣለም። ያ ሁሉ ሴት የወደቀው በሕጉ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደረጃው ከተሠራ ጀምሮ እዚያ ላይ የወደቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው።»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ጸጥ አለ። ከመካከል ዘምዛሚዋ ብድግ ብላ፣ «እኔ ከላይኛውም ከታችኛውም አልወደቅኩም» አለችና ተቀመጠች። ባለ ክራቫቱ ወረቀቱን ሰበሰበ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። «እኔ ብቻ» ነው ያለው። ደረጃው ከተሠራ ጀምሮ። ወደ አክስቴ ዞርኩ። እሷ ሃምሳ አለቃውን አታይም፤ እኔን ነው የምታየኝ። ቀድማ ዞራ ትጠብቀኝ ነበር።

ሕጉ ኋላ ተሻሻለ። የተደፈረች፣ ከሥጋ ዘመዷ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ የሚሰጋባት፣ ገና ልጅ የሆነች ሴት ሆስፒታል ገብታ እርዳታ ታገኛለች፤ መደፈሯን ለማስረዳትም የራሷ ቃል ይበቃል ተባለ። ወንበሩም ተነሳ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዛሬም የምትፈራ አለች፣ ዛሬም ያልሰማች አለች። አክስቴ ግን አንቀጹን ሳነብላት «ድሮ የሚታመነው ደረጃው ነበር፣ አሁን ሴቷ ልትታመን ነው?» ብላ ሦስቴ አስደገመችኝ።

ይህ ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ከአዳራሹ ወጥተን በገበያው በኩል ወደ ቤት ሄድን። ደረጃው መሀል ስንደርስ፣ እኔ ሁልጊዜ የምተፋበት ቦታ ላይ፣ ቆምኩ።

«እናቴስ?» አልኳት።

አክስቴ መደገፊያውን ያዘች። «አልወደቀችም» አለች። «ቤቷ ውስጥ ነው የሞተችው። አባትሽ ከሞተ በኋላ አርግዛ ነበር፤ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሆነች ሴትዮ ጋ ሄደች፣ ደሙ አልቆም አላት። ያን ቀን ተረኛ እኔ ነበርኩ። አልጋ ነበረኝ። መድኃኒት ነበረኝ። ሐኪሙም ነበረ። ጎረቤቷ ልጥራት ስትላት ‹እኔ እዚያ ከሄድኩ እህቴን ያስሩብኛል› ብላ አስማለቻት። እኔ እዚያ ባዶ አልጋ እያነጠፍኩ ስውል እሷ ቤቷ አለቀች። ስገባ አንቺ እጇ ላይ ተኝተሽ ነበር።»

ተናደድኩ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። «ይሄን ሁሉ ዓመት?» አልኳት። «ለከተማው ሁሉ ያወራሽውን ቀልድ ለኔ እውነት አድርገሽ?»

«አፍሽን ስትፈቺ ‹እናቴስ?› አልሽኝ። ምን ልበልሽ? ልጅ ያወራል። ጎረቤቷም እኔም እንታሰር ነበር፣ አንቺን ማን ያሳድጋል? በመስኮት ቀና ስል ደረጃው ታየኝ። ደረጃው ነው አልኩሽ። አመንሽኝ። ልጅ ካመነኝ ፖሊስም ያምነኛል ብዬ ነው ሆስፒታል ይዤው የሄድኩት።» ዓይኗን ጠረገች። «ስትተፊበት አይሽ ነበር። በዚያ ዕድሜሽ አንድ የምትጠዪው ነገር ይኑርሽ ብዬ ተውኩሽ። ወንበሩን ከምትጠዪ ደረጃውን ብትጠዪ ይሻላል አልኩ፤ ወንበሩ ሰው ያስራል።»

እናቴን ልስደባት፣ አክስቴን ልስደባት፣ ልቀፋት፣ ሁሉም መጣብኝ። ድንጋዩን አየሁት። ምንም ሳያደርግ ዕድሜዬን ሙሉ የተተፋበት ድንጋይ ነው። በጫማዬ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። አክስቴ ቁልቁል አይታ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«እሱን ተይው፣ ቂመኛ አይደለም» አለችኝ። አንድ እግሯን ወደ ቀጣዩ እርከን ልታነሳ ስትል ተንገዳገደችና ሌላውን እጇን ዘረጋችልኝ። «ይልቅ ያዢኝ። አሁን የእውነት ብወድቅ ማን ያምነኛል?»

ያዝኳት።